ከኮረም እስከ ሰሃላ፦ የአፍሪካ አቋም፣ የሰቆጣ ቃል ኪዳንና የዋግ ልጆች ቁመት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተጽፎ በተናጋሪው የታረመ።)



ንግግሬን ከሁለት ቀኖች እጀምራለሁ። ቀኖቹ በወርም በቁጥርም አንድ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ሠላሳ ዓመት ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ዕለተ ቅዳሜ፣ «ላይቭ ኤይድ» የተሰኘው የሙዚቃ ዝግጅት ለኢትዮጵያ ረኀብተኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ በለንደንና በፊላዴልፊያ ተካሄደ። ሐምሌ 6 ቀን 2007 ዓ.ም. ደግሞ ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የልማት ፋይናንስ ጉባኤ በአዲስ አበባ ተከፈተ። በፊተኛው ቀን ስለ እኛ ሌሎች ዘፈኑ፤ በኋለኛው ቀን መንግሥታት የሚቀጥሉትን 15 ዓመታት ግብ በምን ገንዘብ እንደሚፈጽሙ ሊመክሩ ወደ እኛ መጡ። ይህን አስቦ ያመቻቸ ሰው ያለ አይመስለኝም። የታሪክ ተማሪ ግን እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ሲያገኝ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል።

ሁለቱን ቀኖች የሚያገናኝ አንድ የቦታ ስም አለ፤ ሰቆጣ። በዚያው የሐምሌ ወር የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ገባ፤ ሰነዱንም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ሰየመው። ስሙ የተመረጠው የ1977ቱ ረኀብ ክፉኛ ከመታቸው አገሮች አንዱ የሰቆጣ አካባቢ በመሆኑ ነው። በዓለም አቀፍ የልማት ሰነዶች ውስጥ የዋግ ስም እንዲህ በክብር ሲነሣ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

የዝግጅቱ አስተባባሪዎች የሰጡኝ ርእስ «ቀጣናዊ ቅድሚያዎች ለዓለም አቀፉ የዘላቂ ልማት አጀንዳ» የሚል ነበር። ርእሱን ስቀበል መጀመሪያ ያቆመኝ «ቀጣናዊ» የሚለው ቃል ነው። በተባበሩት መንግሥታት ሰነዶች አፍሪካ በሙላዋ አንድ ቀጣና ናት። በእኛ ዲፕሎማሲ ቀጣና ስንል የአፍሪካ ቀንድን ማለታችን ነው። ወደ አገር ውስጥ ስንገባ ክልል አለ፤ ከክልል በታች ዞን፣ ከዞን በታች ወረዳ፣ ከወረዳ በታች ቀበሌ። ቅድሚያ የሚሰጠው ጉዳይ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ሲወርድ መልኩን ይለውጣል። የዛሬው ክርክሬ በአጭሩ የሚከተለው ነው። አፍሪካ ቅድሚያዎቿን በዓለም ፊት አስከብራለች፤ ይህን ያህል ሊመሰገን ይገባል። ያ ቅድሚያ ወደ ታች ሲወርድ ግን ክልል ላይ ደርሶ በአማካይ ቁጥር ይቆማል። ሰሃላ አይደርስም።

ስለ ሰሃላ ከመናገሬ በፊት ስለ ዋግ ጥቂት ማለት አለብኝ። የዋግን ታሪክ ከረኀብ መጀመር የተለመደ ስሕተት ነውና። ዋግ ሹሞች ዘራቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥሩ ነበር። ከእነርሱ መካከል ዋግ ሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል፤ ዙፋናቸውን ያጡትም በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በተባሉት በደጃዝማች ካሳ ምርጫ ተሸንፈው ነው። ከሰቆጣ ከተማ አጠገብ ያለውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የጎበኘ ሰው በዚያ ያረፉትን የዋግ መኳንንት አስከሬን ያያል፤ የቦታውን የሹመት ጥንታዊነት ከመጽሐፍ ይልቅ ያ ዋሻ ያስረዳል። ሰቆጣም ትልቅ የአሞሌ ገበያ ነበረች። ከአርሆ የጨው ሜዳ የተጫነው አሞሌ በትግራይ አድርጎ ሰቆጣ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ይሻገራል። አሞሌ ገንዘብ በነበረበት ዘመን የአሞሌ ገበያ የያዘች ከተማ ዳር አገር ልትባል አትችልም። ዋግ ዳር የሆነችው በኋላ ነው። ዳር የሆነችበትን ሂደት ክፉ ቀን ከተባለው ከ1880ዎቹ የከብት እልቂትና ረኀብ ጀምሮ መከታተል ይቻላል፤ ያ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ንግግር ይፈልጋል።

አሁን ወደ 1977 ልግባ። መስከረም 2 ቀን በአዲስ አበባ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ተከበረ። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ የቢቢሲው ማይክል በርክ ዘገባ ከመሐመድ አሚን ምስል ጋር ተሰራጨ። የዓለም ሕዝብ ያየው ኮረምን ነበር። ኮረም ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ሆና የመኪና መንገድ ያላት ከተማ ናት። ካሜራው ያለው ኮረም ነው፤ በካሜራው ፊት የተቀመጠው ሕዝብ ግን ብዙው በእግሩ ከሌላ ቦታ የመጣ ነበር፤ ከዋግም የመጣው ጥቂት አልነበረም። ይህን ልዩነት እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ረኀብ በሚታይበት ቦታና ረኀብ በሚነሣበት ቦታ መካከል የበርካታ ቀናት የእግር መንገድ አለ። በመንገዱ የቀረውን ማንም አልቈጠረውም።

ሕዝቡ ለምን ሰቆጣ ሆኖ እህል አልደረሰውም? የተለመደው መልስ ዝናብ ቀረ የሚል ነው። ዝናብ ቀርቷል፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ሦስት ምሁራን በሦስት መንገድ ወደ ሌላ መልስ ይመሩናል። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የድህነትና የረኀብ ጥናቱ የ1965ቱን የወሎ ረኀብ መርምሮ፣ በአገር ደረጃ የእህል ምርት ያን ያህል እንዳልቀነሰ፣ የደሴ የእህል ዋጋም እንደሚጠበቀው እንዳልናረ፣ ጭራሽም ከወሎ ወደ ውጭ የወጣ እህል እንደነበረ አሳየ። የጠፋው የገበሬው የመግዛት አቅም ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ያሉትን ረኀቦች አጥንተው፣ ድርቅ መነሻ ሊሆን እንደሚችል፣ ረኀብን የሚወልደው ግን ገበሬውን ያለ ጥሪት የሚያስቀረው ሥርዓት እንደሆነ ተከራከሩ። አሌክስ ደ ዋል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው መጽሐፉ የ1977ቱን ረኀብ ከጦርነቱ ጋር አያይዞ አየው፤ በዘመቻው ምክንያት ገበያ መቋረጡን፣ የእህልና የሰው ዝውውር መታገዱን፣ ከመንግሥት ይዞታ ውጭ የነበረው ገጠር እርዳታ አለማግኘቱን ዘረዘረ። ዋግ በዚያ ዘመን የጦር ሜዳ ነበረች።

ሦስቱ በብዙ ነገር አይስማሙም፤ እኔም ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል እቸገራለሁ። ለዋግ ከሆነ ግን ወደ ደ ዋል አዘነብላለሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው። የዋግ ገበሬ ከዝናብ እጥረት ጋር የኖረው ለዘመናት ነው፤ ፍየሉን ሽጦ፣ ማሩን ሽጦ፣ ጉልበቱን ይዞ ወደ ደጋ ወጥቶ ክፉውን ዓመት ያሳልፍ ነበር። እነዚህ መውጫዎች ሁሉ መንገድና ገበያ ይፈልጋሉ። ጦርነት መንገዱንና ገበያውን ሲዘጋ መውጫዎቹ በአንድ ጊዜ ይዘጋሉ።

ከዚህ ተነሥቼ ወደ ዓለም አቀፉ አጀንዳ እሻገራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታወጁት የምዕተ ዓመቱ የልማት ግቦች ስምንት ነበሩ። በአብዛኛው የተነደፉት በባለሙያዎች ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አፍሪካ ግቦቹን ተቀበለች እንጂ አልጻፈቻቸውም። ሰላም ከስምንቱ አንዱ አልነበረም። ለኔ ትውልድ የኢትዮጵያ ታሪክ አስተማሪ ይህ ሁልጊዜ እንግዳ ነገር ነበር፤ ረኀብን በግማሽ እንቀንስ የሚል ሰነድ ስለ ጦርነት ግብ ሳያስቀምጥ ማለፉ።

የግቦቹ ዘመን ሲያበቃ ግን ነገሩ ተለወጠ። የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ የአፍሪካ ልማት ባንክና የመንግሥታቱ ድርጅት የልማት ፕሮግራም በጋራ ምክክር ጀመሩ፤ በአክራ፣ በዳካር፣ በሐማመት ስብሰባዎች ተደረጉ። የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ የመሩት የአሥር መሪዎች ኮሚቴም ተቋቋመ። ጥር 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው «የአፍሪካ የጋራ አቋም» ስድስት ምሰሶዎች አሉት፤ የኢኮኖሚ መዋቅራዊ ለውጥ፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሰውን ማእከል ያደረገ ልማት፣ አካባቢና የአደጋ ሥጋት አመራር፣ ሰላምና ጸጥታ፣ ፋይናንስና አጋርነት። አምስተኛውን ልብ በሉ። በኒው ዮርክ ድርድር ላይ ሰላም የልማት ግብ መሆን የለበትም፣ የጸጥታው ምክር ቤት ጉዳይ ነው የሚሉ አገሮች ነበሩ። አፍሪካ ግን ሰላምን ራሱን የቻለ ምሰሶ አድርጋ ይዛ ቀረበች። መስከረም 14 ቀን 2008 ዓ.ም. የጸደቁት 17 ግቦች ከእነ 169 ዝርዝር ዒላማዎቻቸው ሲወጡ፣ ሰላም 16ኛው ግብ ሆኖ ገባ። የአፍሪካ ድምፅ ብቻውን ያመጣው ነው አልልም፤ ያለ እርሱ ግን መግባቱን እጠራጠራለሁ።

ሌላም ለውጥ አለ፤ ከሰላሙ ያነሰ ወሬ የተወራለት፣ ለዋግ ግን የሚበልጥ። በምዕተ ዓመቱ ግቦች የሕፃናት ረኀብ የሚለካው በዕድሜ በሚጠበቀው ክብደት ነበር። በአዲሶቹ ግቦች፣ በ2ኛው ግብ ሥር፣ ቁመት ዋና መለኪያ ሆነ። ይህ ለሐኪሞች የቴክኒክ ጉዳይ ይመስላል፤ ለእኔ ግን የታሪክ ጉዳይ ነው። ክብደት በአንድ ክረምት ይወርዳል፣ በአንድ ጥሩ መኸር ይመለሳል። ቁመት እንዲህ አይደለም። ልጁ ከተፀነሰበት ቀን ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ዓመቱ ያለው አንድ ሺህ ቀን የእናቲቱን ምግብ፣ የውኃውን ንጽሕና፣ የተደጋገመውን ተቅማጥ፣ የጠፋውን ወተት በቁመቱ ላይ ይመዘግባል፤ የተመዘገበውም በአብዛኛው አይፋቅም። ክብደትን የሚለካ አጀንዳ ረኀብ ሲፈነዳ ይደርሳል። ቁመትን የሚለካ አጀንዳ ረኀብ ባልተባለበት ዓመት የሆነውንም መጠየቅ ይገደዳል። ዋግ ደግሞ ካሜራ ባልነበረባቸው ዓመታት የተጎዳች አገር ናት።

የአገራችን የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2000 በመቶ 58 ነበሩ። በ2005 ወደ 51፣ በ2011 ወደ 44፣ በ2016 ወደ 38 ወረደ። ከዚያ በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት 37 ሆነ። በአሥራ ስድስት ዓመት ሃያ ነጥብ ወርዶ በሦስት ዓመት አንድ ነጥብ ብቻ መውረዱ ሊያሳስበን ይገባል። አማራ ክልል በ2016 በመቶ 46 ይዞ ከክልሎች ሁሉ የከፋው ነበር፤ በ2019 ወደ 41 ወርዷል።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ ተማሪዎች ሁልጊዜ ስለሚጠይቁኝ ነው። ቃል ኪዳኑ «ዜሮ» ይላል። በመለኪያው ትርጉም ግን ፍጹም ዜሮ አይገኝም፤ በጤናማ ሕዝብ ውስጥም ከመቶ ሁለት ያህሉ ልጆች በተፈጥሯቸው አጭር ሆነው ከመስመሩ በታች ይውላሉ። ስለዚህ ዜሮው የፖለቲካ ቃል ነው። አልቃወመውም። ቃል ኪዳን የሚገባ ሰው «በመቶ ሁለት ነጥብ ሦስት» ብሎ አይምልም።

ቃል ኪዳኑ ሦስት ምዕራፎች ነበሩት። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 በአማራና በትግራይ ክልሎች፣ በተከዜ ተፋሰስ ባሉ 40 ያህል ወረዳዎች የሚሞከርበት፤ ሁለተኛው እስከ 2025 ወደ ሌሎች ክልሎች የሚሰፋበት፤ ሦስተኛው እስከ 2030 መላ አገሪቱን የሚያዳርስበት። ተፋሰሱን የሥራ ክልል አድርጎ መምረጡ ብልኅነት ነበር። ተከዜ የአስተዳደር ወሰን አይጠይቅም፤ በአንዱ ዳር ያለው የቆላ ሕፃን በሌላው ዳር ካለው ጋር አንድ ዓይነት ውኃና አንድ ዓይነት ሙቀት ይጋራል። ጤናን፣ እርሻን፣ ውኃን፣ ትምህርትንና ሴቶችን የሚመለከቱ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ዕቅድ እንዲሠሩም አስቦ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው ሴፍቲኔት እህልና ገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ ቃል ኪዳኑ በዚያ ላይ ውኃን፣ መስኖን፣ የጓሮ አትክልትንና ዶሮን ለመጨመር ሞከረ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የሙከራው ምዕራፍ ባለቀበት፣ የመስፋፋቱ ምዕራፍ ሊጀመር በነበረበት ወቅት፣ ተከዜ የሁለቱ ክልሎች የጋራ ተፋሰስ መሆኑ ቀርቶ የጦር ግንባር ሆነ። ሰቆጣ ራሷ በጦርነቱ እጅ ቀያየረች፤ ሕዝብ ተፈናቀለ፤ ጤና ተቋማት ተዘረፉ። አፍሪካ በኒው ዮርክ የተከራከረችለት አምስተኛው ምሰሶ ከአዲስ አበባ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ሲወድቅ፣ በ2ኛው ግብ ሥር የተተከለውንም አብሮ ጣለው። ደ ዋል ስለ 1977 የጻፈውን ከ2013 በኋላ ደግሜ ሳነብ ስለ ያለፈው ዘመን የማነብ አልመሰለኝም። በዚህ አዳራሽ ከሁለቱም የተከዜ ዳር የመጣችሁ ተማሪዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ማን ጀመረው የሚለውን ዛሬ አላነሣም። ያ ክርክር አያስፈልግም ብዬ አይደለም፤ ዛሬ የያዝሁት ጥያቄ የልጆቹ ቁመት ስለሆነ ነው።

እነሆ ወደ ሰሃላ ደረስሁ። ሰሃላ ሰየምት በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ፣ በተከዜ ተፋሰስ ያለ ወረዳ ነው። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ዝናቡ ሲቀር፣ ከዝቋላና ከአበርገሌ ጋር ስማቸው በዜና ከተነሡት ወረዳዎች አንዱ እርሱ ነበር። ከብት አለቀ፤ ሕዝብ ተሰደደ። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ አንድ ቀላል ጥያቄ ነበረኝ፤ ቃል ኪዳኑ ከተገባ ወዲህ የሰሃላ ልጆች ቁመት ጨመረ ወይስ ቀነሰ?

መልሱን በጥናቱ ውስጥ ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም፤ ሊገኝም አይችልም። የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቱ ናሙና የሚወጣው ለክልል እንዲበቃ ሆኖ ነው። አማራ ክልል ሲል ከጎጃም ደጋ እስከ ተከዜ ቆላ ያለውን አንድ አድርጎ ያማክላል። ዞን ላይ አይወርድም፤ ወረዳ ላይማ ጨርሶ። እንግዲህ የክልሉ ቁጥር ከ46 ወደ 41 ሲወርድ ሰሃላ አብራ ወርዳ ይሆናል፤ ቆማ ይሆናል፤ ወጥታም ይሆናል። ሦስቱም ከቁጥሩ ጋር ይስማማሉ። በዋግ ስም የተጠራ ቃል ኪዳን በዋግ ወረዳ መፈጸሙን ዓለም የሚቀበለው መለኪያ ሊነግረን አይችልም።

በ1977 ኮረም እንደታየች፣ በእግር የሚመጡባት ገጠሮች ግን እንዳልታዩ ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ። አሁን ካሜራው ተለውጦ የናሙና ጥናት ሆኗል፤ የሚቆምበት ቦታ ግን ያው መኪና የሚደርስበት ነው። የባለሙያዎቹን ችግር አልክድም፤ ለእያንዳንዱ ወረዳ የሚበቃ ናሙና መውሰድ እጅግ ውድ ነው። ቢሆንም «ማንንም ወደ ኋላ ሳንተው» የሚለው የአጀንዳው መፈክር ወደ ኋላ የቀረውን የሚያይ ዐይን ከሌለው ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም።

ለመሆኑ በሰሃላ ልጆች አይለኩም? ይለካሉ። ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሕፃናትን ይመዝናሉ፤ ክንዳቸውን በባለ ቀለም ክር ይለካሉ፤ በመዝገብ ይጽፋሉ። መዝገቡ በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ድምሩ ብቻ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል ይወጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሌላ ጥናት ወደ ዋግ በሄድሁ ጊዜ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ጤና ኬላ፣ ቅጠሎቹ የተገነጣጠሉ የሕፃናት መከታተያ መዝገብ ለእሳት ማቀጣጠያ ተቀምጦ አየሁ። ከሠራተኛዋ ፈቃድ ጠይቄ ገለጥሁት። የእናት ስም፣ የልጅ ስም፣ ቀበሌ፣ ወር፣ ክብደት፤ በአንዳንዱ ገጽ ቁመትም ነበረበት። ሠራተኛዋ በኽምጣጛ የሚጠሩትን የጎጥ ስሞች በራሷ ፊደል አስተካክላ ጽፋቸዋለች። በቤተ መዛግብት ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ስለ 1977 ዓ.ም. የዋግ ገጠር እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ባገኝ ኖሮ ስንት ነገር እንደሚገባኝ አስቤ አዘንሁ።

መዝገቦቹ ጉድለት አለባቸው። ልኬቱ የተዛባ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ጤና ኬላ ያልመጣች እናት ልጅ በመዝገቡ የለም፤ የጦርነቱ ወራት ባዶ ናቸው። ባዶው ወር ራሱ ማስረጃ እንደሆነ ግን እናንተ የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ታውቃላችሁ፤ በመጀመሪያው ዓመት አስተምረናችኋል። እነዚህን መዝገቦች ከናሙና ጥናቱ ጋር አስተያይቶ መጠቀም የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ሥራ ነው። ከጥፋት ማዳን ግን የእኛ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ የጥንት ብራና ፎቶግራፍ እያነሣን በምናስቀምጥበት መሣሪያ የጤና ኬላ መዝገብም ይነሣል።

የሦስተኛው ምዕራፍ ዘመን ደርሷል። እ.ኤ.አ. 2030 ሲመጣ ቃል ኪዳኑ ተፈጸመ ወይስ አልተፈጸመም የሚል ሪፖርት በአዲስ አበባም በኒው ዮርክም ይነበባል፤ ሪፖርቱም የአገርና የክልል ቁጥር ይዞ ይመጣል። በዚህ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያልመረጣችሁ ተማሪዎች፣ በተለይ ኽምጣጛ የምትናገሩ፣ ከንግግሩ በኋላ በቢሮዬ አግኙኝ። በሰሃላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ ካሉት ጤና ኬላዎች የትኞቹ መዝገባቸው እንደተረፈ የሚዘረዝር ጽሑፍ እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ከዚያ ብንጀምር ደስ ይለኛል።

 ለጥያቄ ጊዜ አለን።